ከፖርታል ቬይን ጀርባ የታየችው ደም ቅዳ፦ ከዊፕል ቀዶ ሕክምና በፊት የጉበትን ደም ቅዳዎች በሲቲ ስለ መለየት

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የራዲዮሎጂ ሬዚደንት ነው፤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። «የ58 ዓመት ሴት ናት። የቆሽት ራስ ዕጢ አለባት፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ለዊፕል ቀዶ ሕክምና (የቆሽቱን ራስ ከዱዎዲነሙ፣ ማለትም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋር ቆርጦ ማውጣት) ቀጠሮ ተይዞላታል። ሲቲ የተነሳችው በፖርታል ፌዝ (ኮንትራስቱ ፖርታል ቬይን ሲደርስ) ብቻ፣ በ5 ሚሊሜትር ስላይስ ነው። እኔም ‹የጉበት ደም ቅዳዎች እንደተለመደው ናቸው› ብዬ ጻፍሁ። ቀዶ ሐኪሙ ግን ከፖርታል ቬይን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣው ደም መልስ) ጀርባ አንዲት ቀጭን ቧንቧ ይታየኛል አለኝ። ተጨማሪ የቀኝ ጉበት ደም ቅዳ ትሆን ይሆናል። ተጨማሪ ከሆነች ደግሞ ብትታሰርም ጉዳት የለውም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልክ ነው? በሚሸልስ የጉበት ደም ቅዳ ልዩነቶች አመዳደብ የትኛው ዓይነት ናት? ለማረጋገጥ የካቴተር አንጂዮግራፊ ልጠይቅ?»

መጀመሪያ ሪፖርቱ ይስተካከል። በፖርታል ፌዝ ብቻ፣ በ5 ሚሊሜትር ስላይስ የተነሳ ምስል ይዞ «እንደተለመደው ናቸው» አይባልም። የሚባለው «በዚህ ምርመራ የጉበት ደም ቅዳዎችን መገምገም አልተቻለም» ነው። ሁለቱ አባባሎች ለቀዶ ሐኪሙ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያውን ያነበበ ከቆሽቱ ራስ ጀርባ ሲቆርጥ እጁን አያዘገይም፤ ሁለተኛውን ያነበበ ግን ቆም ብሎ ይዳስሳል። እዚህ ላይ ችግሩ የምስሉ ዓይነት ነው። 3 ሚሊሜትር የምትሰፋ ደም ቅዳ በ5 ሚሊሜትር ስላይስ ውስጥ አግድም ስታልፍ በዙሪያዋ ካለው ስብ ጋር ተቀላቅላ ትደበዝዛለች። በዚያ ላይ ከ65ኛው እስከ 75ኛው ሴኮንድ ባለው ጊዜ ፖርታል ቬይን ራሱ በኮንትራስት ተሞልቶ ስለሚያበራ፣ በጀርባው ተለጥፋ የምትወጣ ትንሽ ቧንቧ የእሱ አካል ትመስላለች።

ሌላ ምርመራ ከመታዘዙ በፊት ዛሬውኑ ወደ ሲቲ ክፍሉ ይደውሉ። ማሽኑ ላይ ያለው ጥሬ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ በአዲስ ታማሚ መረጃ ይተካል። ገና ካልጠፋ ራዲዮግራፈሩ ያንኑ ምርመራ በ1 ሚሊሜትር ስላይስ፣ በ0.7 ሚሊሜትር ርቀት፣ በለስላሳ ከርነል (ምስሉን በሚያለሰልስ የማቀናበሪያ ስሌት) እንደገና ሊያወጣው ይችላል። ታማሚዋ ላይ አንድም ተጨማሪ ጨረር፣ አንድም ጠብታ ኮንትራስት አይጨመርም። ደም ቅዳዎቹ ቢደበዝዙም ከ2 ሚሊሜትር በላይ የሆኑትን መከተል ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ቀዶ ሐኪሙ ያየው ነገር በእርግጥ ቧንቧ መሆኑን በዚያው ቀን ያውቃሉ። ለዊፕል ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ አሠራሩ። በአብዛኛው ሰው ሴሊያክ ግንድ በ12ኛው የደረት እና በ1ኛው የወገብ አከርካሪ ደረጃ ላይ ከአኦርታ ይወጣና በሦስት ይከፈላል፦ ወደ ጨጓራ የሚሄደው የግራ ጋስትሪክ፣ ወደ ጣፊያ የሚሄደው ስፕሌኒክ፣ እና የጋራው የጉበት ደም ቅዳ። የጋራው ወደ ቀኝ ተጉዞ ጋስትሮዱዎዲናል አርተሪን ማለትም ጂዲኤን ወደ ታች ከሰጠ በኋላ ከፖርታል ቬይን ፊት ለፊት ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያም ቀኝና ግራ ሆኖ ይከፈላል። የላይኛው ሜዘንተሪክ አርተሪ፣ ከዚህ በኋላ ኤስኤምኤ የምለው፣ ከሴሊያክ 1 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይነሳል፤ በተለመደው ሰው ለጉበት ምንም አይሰጥም።

ፅንስ ሳለን ግን ጉበት ደሙን ከሦስት አቅጣጫ ያገኝ ነበር፦ በግራ ከግራ ጋስትሪክ፣ በመሐል ከጋራው የጉበት ደም ቅዳ፣ በቀኝ ከኤስኤምኤ። አብዛኛውን ጊዜ የመሐሉ ሁሉንም ጠቅልሎ ይዞ የቀኙና የግራው ይከስማሉ። ሳይከስም የቀረው ነው ልዩነት የምንለው። ስለዚህ ልዩነቱ በሽታ አይደለም፣ መንገዱም የዘፈቀደ አይደለም፤ ከኤስኤምኤ የሚመጣው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከፖርታል ቬይን ጀርባ ያልፋል፣ ከግራ ጋስትሪክ የሚመጣው በግራ ጉበትና ከጀርባ ባለችው ትንሽ የጉበት ክፍል፣ በኮዴት ሎብ፣ መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የት መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ «አላየሁትም» የሚል ምክንያት በቂ ምስል እስካለ ድረስ አያስኬድም።

የእርስዎ ታማሚ ላይ የታየችው ቧንቧ ምን ልትሆን ትችላለች? ቀዳሚው ግምት ከኤስኤምኤ የወጣች የቀኝ ጉበት ደም ቅዳ ናት። ይህች አብዛኛውን ጊዜ ከኤስኤምኤ የመጀመሪያዎቹ 2 እስከ 3 ሴንቲሜትሮች ውስጥ፣ ከቀኝ ጎኑ ትወጣለች። ከቆሽቱ ራስ ጀርባ፣ አንዳንዴም በቆሽቱ ሥጋ ውስጥ ሰንጥቃ አልፋ ከፖርታል ቬይን ጀርባና ቀኝ፣ ከሐሞት ቱቦው አጠገብ ወደ ጉበት በር (ቧንቧዎቹ ወደ ጉበት የሚገቡበት ቦታ) ትወጣለች። በተለመደው ሰው በፖርታል ቬይን እና በታችኛው ቬና ካቫ መካከል የረባ ደም ቅዳ የለም፤ እዚያ ክብ፣ ብሩህ ነጥብ ካዩ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች ይከተሉት። ሊምፍ ኖድ ከሆነ ከጥቂት ስላይሶች በኋላ ያልቃል፣ ብሩህነቱም ከአኦርታ ጋር አይሄድም። ደም ቅዳ ከሆነ አኦርታው በበራ ቁጥር አብሮ ይበራል፣ መነሻም መድረሻም አለው።

ሁለተኛው ግምት በቁጥር ጥቂት፣ በአደጋ ግን የከፋ ነው፦ የጋራው የጉበት ደም ቅዳ እንዳለ ከኤስኤምኤ የወጣ እንደሆነ። እሱ ከሆነ ከፖርታል ቬይን ጀርባ የምታልፈው ቧንቧ የመላው ጉበት ሕይወት ናት። መለያው ግልጽ ነው። ሴሊያክ ግንዱን ይመልከቱ፤ ሦስት ሳይሆን ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ፣ ጋስትሪክና ስፕሌኒክ፣ ካለው ጥርጣሬው ይጠናከራል። ከዚያ ጂዲኤን ከቆሽቱ ራስ ፊት ለፊት ፈልገው ወደ መነሻው ይመለሱ። ከዚያችው ከጀርባ ከመጣችው ቧንቧ የሚወጣ ከሆነ የቀኝ ደም ቅዳ ብቻ አይደለችም፣ የጋራው ናት። ጂዲኤ በዊፕል ላይ የግድ የሚታሰር ስለሆነ ከየት እንደሚወጣ በስህተት መገመት ጉበቱን ሙሉ በሙሉ ያለ ደም ቅዳ ሊያስቀር ይችላል።

ሌሎቹ አማራጮች በአጭሩ፦ የቀኝ ጉበት ደም ቅዳ ከሴሊያክ ወይም ከአኦርታ በቀጥታ ወጥታ በፖርታል ቬይን ጀርባ የምትዞርበት አጋጣሚ አለ። የኋለኛው የላይኛው ፓንክሪያቲኮዱዎዲናል ቅርንጫፍም በዚሁ አካባቢ ይታያል፤ እሱ ግን በሐሞት ቱቦው ዙሪያ ተጠምዝዞ ቆሽቱ ውስጥ ያልቃል፣ ወደ ጉበት በር አይወጣም።

ወደ ማሰሩ ጉዳይ ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «ተጨማሪ ናት፣ ብትታሰርም ግድ የለም» የሚለው አስተሳሰብ መተው አለበት። ተተኪ የምንለው ያን የጉበት ክፍል ብቻውን የሚመግበውን፣ ተጨማሪ የምንለው ደግሞ በተለመደው ቦታ ሌላ ደም ቅዳ እያለ የሚመጣውን ነው። ነገር ግን የጉበት ደም ቅዳዎች ጉበት ውስጥ ገብተው ክፍላቸውን ይከፋፈላሉ እንጂ ሁለቱ አንድን ክፍል በጋራ አይመግቡም። ተጨማሪ የተባለችው የቀኝ ደም ቅዳ ብዙ ጊዜ የምትመግበው የቀኝ ጉበትን የኋለኛ ክፍል፣ ሴግመንት (በቁጥር የተለየ የጉበት ክፍል) 6ንና 7ን ነው፤ ከሴሊያክ የመጣችው 5ንና 8ን ትይዛለች። ለ6 እና ለ7 ተጨማሪዋ ብቸኛ ናት።

የጉበት ሕዋስ ራሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛውን የሚያመጣው ፖርታል ቬይን ነውና። በጉበት በር ላይ በቀኝና በግራ መካከል ያሉ ቀጫጭን መገናኛዎችም በጊዜ ብዛት ይከፈታሉ። የሐሞት ቱቦ ግን ደሙን የሚያገኘው ከደም ቅዳ ብቻ ነው። በዊፕል ጊዜ ከታች፣ ከጂዲኤ በኩል፣ ወደ ቱቦው የሚወጡት ቅርንጫፎች አብረው ይቆረጣሉ፤ የቀረው ቱቦ ሙሉ በሙሉ ከላይ በሚወርደው፣ በተለይም ከቀኝ ጉበት ደም ቅዳ በሚመጣው ደም ላይ ይንጠለጠላል። እሷም ከታሰረች ከአንጀት ጋር የተሰፋው ቱቦ ደም ያጣል፤ ስፌቱ ያፈስሳል፣ ወይም ቆይቶ ይጠብባል፣ በጉበት ውስጥ መግል ይቋጠራል። ለሳምንታት በሐሞት መታፈን የቆየ ጉበት ደግሞ ይህን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ተተኪም ትሁን ተጨማሪ፣ መርሁ ማትረፍ ነው።

ማትረፍ የማይቻለው ዕጢው ራሱ ሲከባት ነው። ያኔ አማራጮቹ ቆርጦ ጫፍ ለጫፍ መስፋት፣ ወይም ከጂዲኤ ጉቶ ጋር ማገናኘት፣ ወይም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በካቴተር በኮይል ዘግቶ ከግራ በኩል ያለው መገናኛ እስኪከፈት መጠበቅ ናቸው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ውሳኔው ግን ቆሽቱ ከተከፈተ በኋላ ሳይሆን ከሳምንት በፊት፣ በምስሉ ላይ መሆን ይገባዋል።

ለዚህ የሚበቃው ምስል እንዴት ይነሳል? ለቆሽት ዕጢ ሁለት ፌዝ ይበቃል፤ ቆሽቱ ከሁሉ በላይ የሚበራበት ከ40 እስከ 45ኛው ሴኮንድ፣ እና ፖርታል ፌዝ ከ65 እስከ 70ኛው ሴኮንድ። በ40ኛው ሴኮንድ ዕጢው ከቆሽቱ ጎልቶ ይለያል፣ ደም ቅዳዎቹም በደንብ ብሩህ ናቸው፤ ስለዚህ ለእርስዎ ታማሚ ሦስተኛ፣ ከ20 እስከ 25ኛው ሴኮንድ ያለ ቀዳሚ የደም ቅዳ ፌዝ መጨመር ጨረር ከማብዛት በቀር የሚፈይደው ትንሽ ነው። ያ ቀዳሚ ፌዝ የሚያስፈልገው ለጉበት ለጋሽ ወይም ለካቴተር የጉበት ዕጢ ሕክምና ሲዘጋጁ ነው፤ እዚያ የ1 ሚሊሜትር ቅርንጫፍ ሁሉ ዋጋ አለው።

ካኑላው በክርን ማጠፊያ ላይ 18 ጌጅ፣ አረንጓዴው፣ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ 20 ጌጅ ሮዙ፣ ግን መጀመሪያ በእጅ ሳላይን ገፍቶ መፈተሽ አለበት። በእጅ ጀርባ ላይ ባለ ቀጭን ካኑላ 4 ሚሊሊትር በሴኮንድ መግፋት ቆዳ ሥር እንዲፈስ መጋበዝ ነው። መጠኑ 350 ሚሊግራም አዮዲን በሚሊሊትር ካለው ኮንትራስት 1.5 ሚሊሊትር በኪሎ፤ 60 ኪሎ ለሆነች ሴት 90 ሚሊሊትር፣ በ4 ሚሊሊትር በሴኮንድ። ወዲያው በተመሳሳይ ፍጥነት 40 ሚሊሊትር ሳላይን ይከተላል፤ አለዚያ የመጨረሻው ኮንትራስት በክንድ ቬይን ውስጥ ቀርቶ ይባክናል። ሰዓቱን ከሰዓት ቆጣሪ ይልቅ በቦለስ ትራኪንግ መያዝ ይሻላል፦ መከታተያው በሴሊያክ ደረጃ አኦርታ ላይ ይቀመጥና 150 ሀውንስፊልድ (የሲቲ የብሩህነት መለኪያ) ሲደርስ ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ጠብቆ ይነሳል። ልቧ ደካማ በሆነ ታማሚ ላይ በጭፍን በ40ኛው ሴኮንድ ቢነሳ ደም ቅዳው ገና ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የሰውነቷ ክብደት ከ80 ኪሎ በታች ከሆነ ቮልቴጁ ከ120 ወደ 100 ኪሎቮልት ይውረድ። አዮዲን በዝቅተኛ ቮልቴጅ አብዝቶ ያበራል፤ ጨረሩም ይቀንሳል። ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ንጹሕ ውሃ ከምርመራው 15 ደቂቃ በፊት ትጠጣ፤ ነጭ የሚያበራ የሚጠጣ ኮንትራስት ግን ፈጽሞ አይሰጥ፣ ዱዎዲነሙ ላይ ሆኖ ጂዲኤንና ቅርንጫፎቹን ይሸፍናል። ስላይሱ ከ1 ሚሊሜትር አይብለጥ፤ የቆየ 16 ስላይስ ማሽን እንኳ ይህን ማውጣት ይችላል። ቀጫጭኖቹ ስላይሶች ወደ ማኅደሩ መላካቸውንም ያረጋግጡ። ብዙ ቦታ ምርመራው በጥሩ ሁኔታ ተነስቶ ወደ ማኅደር የሚገባው 5 ሚሊሜትሩ ብቻ ነው፤ አንባቢው ጋ ሲደርስ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄዎች። የሐሞት ቱቦ ስቴንት (የተዘጋውን ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን ቧንቧ) ሊገባላት ከታሰበ ሲቲው ከስቴንቱ በፊት ይነሳ፤ የብረት ስቴንት በትክክል ልናየው በምንፈልገው ቦታ ላይ ጨረር መሰል ጥላ ይጥላል፣ ከሂደቱ በኋላ የሚመጣ የቆሽት ብግነትም በደም ቅዳዎቹ ዙሪያ ያለውን ስብ ያደፈርሳል። ሁለተኛው ኩላሊት ነው፤ ቢጫ የሆነ፣ ምግብ የተዘጋው፣ ፈሳሽ ያነሰው ታማሚ ነው ፊትዎ ያለው። የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች ከሆነ ከኔፍሮሎጂ (ከኩላሊት ሐኪሞች) ጋር ሳይመክሩ አይቀጥሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፈሳሽ ተክቶ መቀጠል ይቻላል። ከዚህ በፊት ለኮንትራስት ከባድ አለርጂ እንደነበራት መጠየቅም አይረሳ።

ምስሉ ሲደርስ በተለመደው የሆድ መስኮት (የብሩህነት ማስተካከያ) አይመልከቱት። ስፋት 400፣ መሐል 40 ላይ ደም ቅዳ ሁሉ ድፍን ነጭ ይሆንና ከአጠገቡ ያለው ጠርዝ ይጠፋል። ስፋቱን ወደ 700፣ መሐሉን ወደ 200 ያድርጉት። ከሳጂታል (ከጎን ከሚታየው ምስል) ይጀምሩ፤ ሴሊያክና ኤስኤምኤ ከአኦርታ እንዴት እንደሚወጡ፣ ጠባብ ናቸው ወይ፣ አንድ ግንድ ሆነው ነው ወይ የሚነሱት። ከዚያ በአክሲያል (በአግድም በተቆረጠው ምስል) ከሴሊያክ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ቀጥሎ ኤስኤምኤን ከመነሻው እስከ 4 ሴንቲሜትር ድረስ በቀኝ ጎኑ ቅርንጫፍ እየፈለጉ ይውረዱ።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይሠራዋል። የሚዘለለው ቀጣዩ ነው፦ ከጉበት ወደ ኋላ መመለስ። የሴግመንት 2 እና 3ን ደም ቅዳ በእምብርት ስንጥቁ ውስጥ ያግኙና ወደ አኦርታ ይመለሱ። ሴግመንት 4ን፣ የቀኙን ፊተኛና የቀኙን ኋለኛ ክፍልም እንዲሁ። እያንዳንዱ ክፍል ባለቤቱ ከታወቀ ልዩነት የሚደበቅበት ቦታ አይኖርም። ከአኦርታ ብቻ ወደ ጉበት የሚሄድ አንባቢ ያላሰበውን ቅርንጫፍ አልፎ ይሄዳል፤ ከጉበት ወደ አኦርታ የሚመለስ ግን ያላሰበው ቦታ ድረስ ይወሰዳል። ተተኪና ተጨማሪን የሚለየውም ይኸው ነው፦ ከፖርታል ቬይን ፊት ለፊት ሌላ የቀኝ ደም ቅዳ ካለና ወደ ፊተኛው ክፍል ከገባ፣ ከጀርባ የመጣችው ተጨማሪ ናት፤ ከፊት ያለው ወደ ግራ ብቻ ከሄደ ተተኪ ናት።

በግራ በኩል አንድ ወጥመድ አለ። በኮዴትና በግራው ጉበት መካከል ባለው ስንጥቅ ደም ቅዳ ሲታይ ከግራ ጋስትሪክ የመጣ የግራ ጉበት ደም ቅዳ ነው ማለት ይቀናል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ነገር ግን ከግራ ጉበት ደም ቅዳ ተነስቶ ወደ ጨጓራ የሚወርድ ቅርንጫፍ በዚያው ስንጥቅ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ሲቲ የደሙን አቅጣጫ አያሳይም፤ ሁለቱንም ጫፍ ማግኘት ግድ ነው። ወደ ግራ ጋስትሪክ ግንድ ከተቀላቀለና እየወፈረ ከሄደ የጉበት ነው፤ በጨጓራው ግድግዳ ላይ እየቀጠነ ካለቀ የጨጓራ ነው። የሴግመንት 4 ደም ቅዳ ከቀኝ ሲነሳም «ተጨማሪ የግራ» ተብሎ በስህተት ይመዘገባል።

ሦስት ገጽታ ያላቸውን ባለቀለም ምስሎች ለምርመራ አይጠቀሙባቸው። ለቀዶ ሐኪሙ መንገዱን ለማሳየት ያምራሉ፣ ነገር ግን የብሩህነት ገደባቸው ሲስተካከል ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይጠፋሉ። ኤምአይፒም (ከተደራረቡ ስላይሶች ብሩሁን ብቻ አጣምሮ የሚያሳይ ምስል) ከ10 ሚሊሜትር በላይ ሲወፍር በተለያየ ጥልቀት ያሉ ሁለት ደም ቅዳዎች የተገናኙ ያስመስላል፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ይበቃል፣ ጥርጣሬ ሲኖር ወደ 1 ሚሊሜትሩ አክሲያል መመለስ ነው።

በሳጂታል ላይ ሴሊያክ ከላይ ተጭኖ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ከታየ ችላ አይበሉት። የድያፍራሙ ቅስት ጅማት ሲጫነው የሚመጣ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ጫናው ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሳበ ትንፋሽ በተነሳ ምስል ላይ ጥበቱ ከቀረ እውነተኛ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ጉበት ደሙን የሚያገኘው ከኤስኤምኤ በቆሽቱ ራስ መገናኛዎች አልፎ በጂዲኤ ወደ ላይ በሚመለስ ደም ነው፤ ጂዲኤና በቆሽቱ ዙሪያ ያሉት ቅርንጫፎች ሰፍተው ይታያሉ። በዊፕል ጂዲኤ ሲታሰር ያ መንገድ ይዘጋል። ስም የሚሰጠው ልዩነት የለም፣ የደም ቅዳዎቹም አወጣጥ የተለመደው ነው፤ ጉበቱ ግን አደጋ ላይ ነው።

የሚሸልስን ቁጥር በተመለከተ፦ ሚሸልስ በ1966 ከ200 አስከሬኖች ተነስቶ አሥር ዓይነቶች አስቀመጠ፤ የተለመደው በ55 በመቶ ብቻ ነበር። ሂያትና ባልደረቦቹ በ1994 ከ1000 ለጋሾች ጉበት ላይ ወደ ስድስት አሳጠሩት፤ የተለመደው 75.7 በመቶ፣ የቀኙ ከኤስኤምኤ 10.6፣ የግራው ከግራ ጋስትሪክ 9.7፣ ሁለቱም 2.3፣ የጋራው ከኤስኤምኤ 1.5፣ የጋራው በቀጥታ ከአኦርታ 0.2 በመቶ። ሚሸልስ ተተኪና ተጨማሪን ይለያል፣ ሂያት አይለይም። የእርስዎ ታማሚ ተተኪ ከሆነች በሚሸልስ 3ኛ፣ ተጨማሪ ከሆነች 6ኛ፣ የጋራው ከሆነ 9ኛ ናት። ቁጥሩን ማወቅ አይከፋም፤ ሪፖርት ላይ ብቻውን ሲጻፍ ግን ደም ቅዳዋ በቆሽቱ ውስጥ ትለፍ ወይስ ከጀርባው፣ ዕጢው ይንካት ወይስ አይንካት አይናገርም። በሠንጠረዦቹ የማይገቡ ልዩነቶችም አሉ፤ የቀኙ ከጂዲኤ ሲወጣ፣ ጂዲኤ፣ ቀኝና ግራ ከአንድ ነጥብ ሲነሱ። ሽምደዳው ላይ ጊዜ አያጥፉ።

የካቴተር አንጂዮግራፊ አይጠይቁ። ለልዩነት ምርመራ ብቻ ብሎ ደም ቅዳ መውጋት ዛሬ ምክንያት የለውም። ካቴተሩ የሚያሳየው የቧንቧውን ውስጥ ነው፤ ከዕጢው፣ ከቆሽቱና ከፖርታል ቬይኑ ጋር ያለውን ቦታ አያሳይም፣ ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ሴሊያክ ብቻ ተወግቶ ኤስኤምኤ ከተዘለለም ከኤስኤምኤ የምትወጣው ደም ቅዳ አትታይም። ቦታው ሕክምና ሲኖር ነው፦ ደም ማቆም፣ ወይም ቀደም ብዬ ያልሁት በኮይል መዝጋት።

ሲቲም ወሰን አለው። ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆኑትን፣ የቀኙን ጋስትሪክ፣ የሐሞት ከረጢቱን ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴም የሴግመንት 4ን፣ በእርግጠኝነት ማሳየት አይችልም። ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው ላይ ማንኛውም ወደ ጉበት የሚሄድ የሚመስል ቧንቧ ከመቆረጡ በፊት በክላምፕ ተይዞ በጉበት በር ላይ ያለው ትርታ በእጅ ወይም በዶፕለር ይፈተሽ። ጂዲኤም ራሱ እንዲሁ።

የማሳስበው ይህ ነው፦ ስቴንት ሳይገባላት፣ በዚህ ሳምንት፣ የቆሽት ፌዝና ፖርታል ፌዝ ያለው ቀጭን ስላይስ ሲቲ ይነሳ፤ እስከዚያ ቀዶ ሕክምናው አይደረግ። በአዲሱ ሪፖርት ላይ ቁጥር ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «የቀኝ ጉበት ደም ቅዳ ከኤስኤምኤ ቀኝ ጎን፣ ከመነሻው 2 ሴንቲሜትር ላይ ይወጣል፤ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር። ከቆሽቱ ራስ ጀርባ፣ ከፖርታል ቬይን ኋላና ቀኝ ያልፋል። ዕጢው በ2 ሴንቲሜትር ርዝመት ከ180 ዲግሪ ባነሰ ዙሪያ ይነካዋል። ከሴሊያክ የሚመጣ ሌላ የቀኝ ደም ቅዳ የለም። ጂዲኤ ከጋራው የጉበት ደም ቅዳ ይወጣል። ሴሊያክ አልጠበበም።» ልኬቶቹን ከራስዎ ምስል ይሙሉ። ከዚያ ስልክ አንስተው ለቀዶ ሐኪሙ በቃል ይንገሩት፣ የነገሩበትንም ሰዓት በሪፖርቱ ላይ ያስፍሩ።